የልጄ ድንክ ወይራ

ከከላላ እስከ አቀስታ የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ በእኔ እጅ አልፏል ብል ማጋነን አይሆንም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል ያስቆጠርኩት ራሴን በራሴ ነው። ቴፕ ፈትቶ መግጠምም ያስተማረኝ የለም፤ የመጀመሪያውን ገድዬ ሁለተኛውን አዳንኩ፣ ከዚያ በኋላ የሞተብኝ የለም። በርና መስኮት ሠርቻለሁ፣ የንብ ቀፎ አስተካክያለሁ፣ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ከሞት አስነስቻለሁ። ይህን የምለው ለጉራ ብቻ አይደለም። ይህ ሁሉን የሚችል እጄ ከልጄ ላይ ምን እንደወሰደ ለመናገር ነው።

ሴት ልጄ አረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ ስትመጣ ሻንጣዋን መሬት ላይ ዘርግታ ዕቃውን አደለችን። ለእናቷ ብርድ ልብስ፣ ለእኔ ስልክ፣ ለወንድሞቿ ጫማና ጃኬት። ለራሷ የቀረላት አፉ አጠር ያለ አንዲት ጥቁር መቀስ ነበረች።

"ይቺ ምን ትቆርጣለች?" አልኳት።

"ዛፍ" አለችኝ።

የአሰሪዋ አባት ሽማግሌ ሰው ነበሩ አሉ። በረንዳቸው ላይ በሳህን በሳህን የተተከሉ ድንክ ዛፎች ነበሯቸው። ውሃ የምታጠጣው እሷ ነበረችና ሰውዬው ቀስ በቀስ አያያዙን አስተማሯት። "ቦንሳይ ይባላል አባዬ። ትልቁን ዛፍ አሳንሶ ማሳደግ ነው።"

በሳምንቱ ከከተማው በታች ወዳለው ተዳፋት ወርዳ አንድ ወይራ ነቅላ መጣች። ፍየል ዓመት ከዓመት እየጋጠው ወደ ላይ መሄድ ያቃተው ነው። ቁመቱ ከጉልበቴ አይደርስም፣ ግንዱ ግን የእጄን አንጓ ያህላል። የእናቷን የልብስ ማጠቢያ ሳህን ታችውን በሚስማር በስታ፣ ሥሩን ቀንሳ ተከለችው።

"ልጄ፣ ይሄንንማ ፍየል ሠርቶ ጨርሶታል፤ አንቺ ምን ልትጨምሪበት ነው?"

"ፍየል ይጀምራል፣ ሰው ይጨርሳል።"

"ፍየሉ ቢሰማ ደሞዝ ይጠይቅሻል" አልኳት። እናቷ ሳቀች። እሷ ግን ዛፉን እያዞረች ታየው ነበር፤ አልሳቀችም።

ስምንት ወር ተቀምጣ ተመልሳ ልትሄድ ስትል ወደ ዛፉ ጠራችኝ። ከግንዱ ዝቅ ብላ ወደ ግራ የወጣች አንዲት ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ክር አስራለች።

"አባዬ፣ በላክሁት ብር የተሠራው የቤቱ ቆርቆሮ የናንተ ነው፣ በሬዎቹም የናንተ ናቸው፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደስ ይለኛል። ይቺ ግን የኔ ትሁን። ስመለስ እኔው ነኝ የምቀርጻት። እርስዎ ውሃ ብቻ ያጠጡልኝ። ምንም እንዳይቆርጡ። ይቺን ክር ያሰርኩባትንማ በተለይ፤ ግንዱን የምታወፍርልኝ እሷ ናት።"

"ዛፍ ማጠጣት ልታስተምሪኝ ነው?" አልኳት። "አንቺ ሳትወለጂ ስንት ዛፍ ተክያለሁ!"

"እርስዎ ስለሚችሉ እኮ ነው የምፈራው" አለች። ይህንንም ያኔ እንደ ሙገሳ ነው የወሰድኩት።

ሳህኑን ጓሮ፣ ለሶላት ታጥቤ ውዱእ ከማደርግበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሐሳቤ ጥሩ ነበር። ከማንቆርቆሪያው የተረፈው ውሃ ለእሱ ይሆናል አልኩ። ክረምት ስለነበር ሰማዩ ራሱ ሲያጠጣው ከረመ፤ ልጄ በደወለች ቁጥር ግን "አጠጥቼዋለሁ" የምል እኔ ነበርኩ። በጋ ሲገባ ሰማዩ ሥራውን ተወ። እኔም ተውኩ።

የባሰው ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜዬ አንድ ጥርስ አልጎደለብኝም፤ ምስጢሩ የወይራ መፋቂያ ነው። ድሮ ገበያ ወጥቼ ነበር የምገዛው ወይም ተዳፋቱ ድረስ ወርጄ የምቆርጠው። አሁን ወይራው እጄ ሥር ነው። ለሶላት ስዘጋጅ ጎንበስ እላለሁ፣ አንዲት ቀንበጥ ቀንጠስ አደርጋለሁ፣ ጫፏን አኝኬ እፍቃለሁ። አንዲት ቀንበጥ ምን ትጎዳዋለች? በማግስቱም አንዲት ናት። ወላሂ፣ ዛፍ እየቆረጥኩ ነው ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ጥርሴን እየፋቅሁ ነበር።

ከሄደች ዓመት ሊሞላት ሲል አንድ ቀን በቪዲዮ ደውላ "ዛፌን ያሳዩኝ" አለች። ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አየሁት። እንደ አዲስ ነበር ያየሁት። የተላጠ ጉቶ፣ ላዩ ላይ ጥቂት ቡናማ ቅጠል፣ ድርቆሽ የመሰለ አፈር። ቀዩ ክር መሬት ላይ ወድቋል። ቅርንጫፏ የለችም።

"ኔትወርኩ ከዳን" ብዬ ዘጋሁባት።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። "አንተ ሰውዬ! የሰፈሩን ፍየል በድንጋይ ሳባርር ከርሜ፣ ፍየሉ ለካ ውዱእ አድርጎ የሚሰግደው ነው!" አለችኝ።

በጥፍሬ ግንዱን ፋቅ አደረግሁት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነው። አልሞተም ማለት ነው። ያልሞተ ነገር ደግሞ እኔ ዘንድ መጥቶ ሞቶ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራሁትን ሥራ የተማረ ሰው ቢሠራው ሽልማት በተሰጠው ነበር። ሳህኑን ከፀሐይ አውጥቼ ከቤቱ ጀርባ ጥላ ውስጥ አኖርኩት። የወንዝ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ቀላቅዬ አፈሩን ለወጥኩለት። ጣቴን እስከ አንጓዋ ሰክቼ ካልደረቀ አላጠጣም፤ ይህን ያለችኝ ልጄ ነበረች፣ አሁን ገና ትዝ አለኝ። መፋቂያዬን ከገበያ መግዛት ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ከጉቶው አናት የምስር ፍሬ የምታህል ቡቃያ ብቅ አለች። ስትበዛ እጄን አሳከከኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ውሃ ብቻ ነበር የተባልኩት።

ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የመዳብ ሽቦ ፈታሁ። ቀንበጦቹን በሽቦ እየጠመጠምኩ አጎነበስኳቸው። መጀመሪያ አጥብቄው ሽቦው ቅርፊቱን ነከሰው፤ ፈታሁ፣ አላልቼ መለስኩ። ወደ ውስጥ የበቀለውን ቆረጥኩ፣ አጉል የረዘመውን አሳጠርኩ። ሁለት ዓመት ፈጀ። ገደል አፍ ላይ ቆሞ ነፋስ ወደ ቀኝ የገፋው ሽማግሌ ዛፍ አስመሰልኩት። ግራውን ለምን ባዶ እንደተውኩት የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ነፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው እለው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር አወጣው ነበር፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለቢሮው እንድሸጥለት ለምኖኝ ያውቃል።

ልጄ ስትደውል ቅጠሉን ብቻ በቅርብ አሳያታለሁ።

"አልቆረጡም አይደል አባዬ?"

"ምን ቆርጬ! ስትመጪ ታይዋለሽ።"

ለአረፋ መጣች። ቅጠሉን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ፣ በርጩማ ላይ ነጠላ አንጥፌ፣ ግቢው መሀል አስቀምጬው ጠበቅኋት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መጥታ ቁጢጥ አለች። ሳህኑን ቀስ ብላ አዞረችው። ጣቷ በግራ በኩል፣ የዳነው ጠባሳ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"የታችኛዋስ?"

"መፋቂያ አደረግኋት" አልኩ። ውሸት አልመጣልኝም።

ጣቷን ከጠባሳው ላይ አነሳች። ከዚያ ፈገግ ብላ "ጥርስዎ ግን ያምራል" አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን። እንደገና አዞረችው፣ አናቱን በመዳፏ ዳበስ አደረገች።

"ቆንጆ ነው አባዬ። በጣም ቆንጆ ነው። የእርስዎ ዛፍ ሆኗል።"

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ! ያመሰገነችኝ መሰለኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሽቦውን ከየት እንዳመጣሁ፣ እንዴት እንዳጎነበስኩ፣ ሰውዬው ለቢሮው ስንት ጊዜ እንደለመነኝ፣ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ተረኩላት። እሷም "እሺ... እሺ አባዬ..." እያለች ሰማችኝ። ማታ ባለቤቴ "አላየሃትም?" ስትለኝ "ምኑን?" ብዬ ጠየቅኋት።

በማግስቱ ነው "የእርስዎ ዛፍ ሆኗል" ማለቷ የገባኝ። "ተዳፋቱ ወርጄ ሌላ ወይራ ልንቀልልሽ፣ ከዚህ የተሻለ፣ እጄን አላስጠጋበትም" አልኳት። "ቪዛዬ ደርሷል እኮ አባዬ፤ ማን ይጠብቀዋል?" አለች። ይህን ስትል ክፋት አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

ዛፉን ማዳኔ አይቆጨኝም። ያቆጠቆጠ ለት ሽቦውን ትቼ፣ እንዳመጣው አሳድጌ፣ "ልጄ፣ በድዬሻለሁ፣ ያንቺ ዛፍ ግን አልሞተም፤ መቀስሽን ይዘሽ ነይ" ብያት ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ለዚህ ቃል ሽቦም ብልሃትም አያስፈልግም ነበር። ያንን ብቻ ነበር ያልቻልኩት።

አሁንም በየሳምንቱ ትደውላለች። የደም ግፊቴን ትጠይቃለች፣ ዝናቡን ትጠይቃለች፣ በሬዎቹን ትጠይቃለች። ባለፈው ሳትጠይቀኝ ስልኩን ወደ ዛፉ አዞርኩት። ሽቦውን ሁሉ ፈትቼለታለሁ፣ በግራ በኩል አንዲት ቡቃያ አውጥቷል፣ እሷን እንድታይልኝ ነበር።

"አየሽው?" አልኳት።

"አየሁት አባዬ፣ ማሻአላህ" አለች። "እስቲ እናቴን ያገናኙኝ።"