ለመኪያ ያልተሠራው ወጥ

ብሩክታይት ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትኬት ትቆርጣለች። የምትኖረው ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ፈለቀች ጋር ነው።

በእነሱ ቤት የፋሲካ ዶሮ ወጥ ምንጊዜም በሁለት ድስት ነበር የሚሠራው። ትልቁ ለቤተሰቡ፣ ትንሹ ፊት ለፊት ለሚኖሩት ለመኪያና ለባሏ ለሐሩን። ሙስሊሞች ስለሆኑ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። ስለዚህ ወይዘሮ ፈለቀች በዋዜማው አንድ ዶሮ ለይተው ይዘው ይወርዳሉ፤ ሐሩን ከሕንፃው ሥር ካለው የጋራ ማረጃ ቤት በር ላይ ጠብቆ ያርድላቸዋል። በማግስቱ መኪያ አዲስ ሻሽ አስራ ትመጣለች፤ ከትንሹ ድስት ይወጣላታል።

አምና የወይዘሮ ፈለቀች እጅ በቁርጥማት ተያዘ። ሽንኩርት መክተፍ ቀርቶ ማንኪያ መያዝ አቃታቸው። ብሩክታይት ደግሞ በዓል ሲደርስ ቢሮዋ በመንገደኛ ስለሚጨናነቅ ፋታ የላትም።

“እማዬ፣ አታስቢ፤ ቦሌ አሳምረው የሚሠሩ አሉ። እስከነእንቁላሉ በሞተር ያመጡልናል” አለቻቸው።

ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ ሐሩን እጅጌውን ሰብስቦ የማረጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር።

“ደህና ዋልሽ? እማማ ደህና ናቸው?”

“ደህና ናት፣ ጋሼ” ብላው ደረጃውን ወጣች። ሰው ቀጥሮ የሚጠብቅ ነበር የመሰላት።

በፋሲካው ቀን ወጡ በላስቲክ ዕቃ ታሽጎ መጣ። ወንድሟ ቢሩክ ከነሚስቱ ደረሰ። ማዕዱ እንደቀረበ መኪያ “እንኳን አደረሳችሁ” እያለች ገብታ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ብሩክታይት በጭልፋ ቀድታ ልታወጣላት ስትል ወይዘሮ ፈለቀች፣

“ቆዪ!” አሉ።

ብሩክታይት ያን ጊዜ ገባት። ትናንት ሐሩን ይጠብቅ የነበረው እነሱን ኖሯል።

“እትዬ መኪያ፣ እኔ እኮ...”

“ምን ችግር አለው! አይቡ አለ አይደል? ደግሞ ጠግቤ ነው የመጣሁት” አለች መኪያ። አይብ በእንጀራ ቀመሰች፤ ትንሽ ተጫወተች፤ ከሌላው ጊዜ ቀደም ብላ ተነሣች።

ወጡን ሁሉም አሞካሹት። ብሩክታይት ግን አንዴ ጎርሳ ተወችው። እናቷ ቢቆጧት በወደደች።

ወር አልፎ ዐረፋ ሆነ። ብሩክታይት ዘንድሮስ አይልኩልንም ብላ ነበር። ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። መኪያ ናት፤ እንደ ወትሮው ለክርስቲያን ጎረቤቶቿ ለብቻው የሠራችውን ምስር ወጥ ከነእንጀራው ይዛለች።

“ሥጋ ያልነካው ድስት ነው። እማማን አጉርሺልኝ።”

ብሩክታይት ሳህኑን እንደተቀበለች ደጃፉ ላይ ቀረች። እንባዋ መጣ።

“እትዬ፣ በፋሲካው ጊዜ አጥቼ ብቻ አይደለም። ትዝ እንኳ አላላችሁኝም።”

መኪያ ቶሎ ብላ ምንም አይደል አላለችም።

“ሐሩን እስኪመሽ ቆሞ ጠበቀ” አለች ቀስ ብላ። “ታመሙ እንዴ ብሎ ሰጋ። በራችሁን ላንኳኳ ሲል እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ የጠየቅን እንዳይመስል።”

ይህ ከስድብ ይልቅ ዘልቆ ተሰማት። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ባልና ሚስት ደረጃ ላይ ባገኘች ቁጥር ሰላምታዋን አጣድፋ ታልፍ ጀመር።

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። የቤተሰቡን ወጥ እንደገና ከቦሌ አዘዘች፤ የጎረቤቶቿን ግን ሐሩን ባረደላት ዶሮ ራሷ ሠራች። ወይዘሮ ፈለቀች ከአልጋቸው ሆነው “አሁን ቅመሙን፣ አሁን ውኃውን” እያሉ መሯት። ሽንኩርቱ ሳይበስል ቀረ፤ ጨውም በዛ። በበዓሉ ቀን መኪያ ከሐሩን ጋር መጥታ ማዕዱ ላይ ተቀመጠች።

“ጨው አብዝተሻል” አለች መኪያ፣ ደግማ እየቆረሰች።

ሁሉም ሳቁ፤ ብሩክታይትም ሳቀች። ሐሩን ቀና ብሎ “እጅሽ ይባረክ” ሲላት ግን ዓይኑን ማየት አልቻለችም፤ ውኃ የምታመጣ መስላ ወደ ጓዳ ገባች።