መጀመሪያ የእኔን ይዩ

አክስቴ ካረፉ ወዲህ ቅዳሜ ባዶ ቀን ሆኖብኛል። የጥርስ ንጽህና ባለሙያ ነበሩ፤ ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ፦ ጥርስ ለመነቀል ሳይደርስ የሚያጸዳ፣ ድድ የሚንከባከብ ሰው ማለት ነው። በሥራ ቀን የካ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ይውሉ ነበር፤ ቅዳሜ ግን እንጦጦ ወጥተው እንጨት ተሸካሚ እናቶችን በነጻ ያክሙ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ባትሪ ልይዝላቸው አብሬያቸው ወጣሁ። ድዳቸው አብጦ እህል መቅመስ ያቃታቸው አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው እምቢ አሉ።

«ይሄን ጉድማ ለሰው አላሳይም!»

«እንግዲያው እማማ፣ መጀመሪያ የእኔን ይዩ» አሉ አክስቴ። ባትሪውን ከእጄ ወስደው ለአሮጊቷ ሰጡና መሬት ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፈቱ።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው መረመሩ። «አንቺ! መንጋጋሽ የት ሄደ?»

«ልጅ ሆኜ የሚያጸዳልኝ አጥቼ ተነቀለ።»

«ወይ ጉድ! ሐኪሟ ራስሽ በሽተኛ ነሽ!» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ነጠላው ወረደ፤ አክስቴም ሳቁ ሳያልቅ ሥራቸውን ጀመሩ።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ፊት «አላውቅም» ማለት እንኳ ይከብደኛል። እሳቸው ጉድለታቸውን አስቀድመው አሳይተው የሰው እፍረት ሲያቀሉ አይቼ በመገረም ቆሜ ቀረሁ።

ለቅሶው ላይ እኚያ እናት ከእንጦጦ በእግራቸው ወርደው መጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ አፋቸውን ከፍተው አለቀሱ።