የኡጋንዳ ስምና የግራናዋ ሙሽራ

ልጅ ሳለሁ ጦርነቱ ቀንና ማታችንን አቀያይሮብን ነበር። በደርግ መጨረሻ ውጊያው ወደ መርሳ ሲቀርብ፣ መካኒኩ አባቴ ጋራዡን ዘግቶ እናቴንና እኔን ከከተማው ወጣ ብሎ ግራና ገጠር፣ ወዳጁ አሊ ዘንድ አስቀመጠን። ቀን ቀን አውሮፕላን ስለሚያንዣብብ ከቤት ወጥተን ማሽላው ውስጥ እንውላለን፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበርና ዋጥ ያደርገናል። ጭስ እንዳያጋልጠን እሳት የሚነደው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ትልልቆቹ ሲጨነቁ ይታየኛል፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ትምህርት የለ፣ ቁጣ የለ፣ ቀኑን ሙሉ ጥንቅሽ ማኘክ፣ ሲመሽ ደግሞ ፍም ላይ የተጠበሰ የማሽላ እሸት በመዳፌ እያሸሁ ወሬ መስማት፤ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ!

ወሬው የአያ ይመር ነበር። የአሊ አጎት ናቸው፤ በንጉሡ ዘመን ኮንጎ ዘምተዋል። ሌላው ሽማግሌ ስለ ጅብና ጦጣ ሲተርት እሳቸው የሚተርቱት ስለ አገር ነው። ትንሽ ማጋነን ይወዳሉ፤ ኮንጎ ወንዝ ውስጥ ያዩት ጉማሬ በየምሽቱ እያደገ ሄዶ በመጨረሻ የመርሳን አውቶቡስ አክሎ ነበር።

በዚያ ቤት ግን አንድ ጭንቅ ነበር። የአሊ ሚስት ሉባባ ከደጋው ተድራ ከመጣች ወር አልፏታል፣ ስም ግን አልወጣላትም። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ስም ወጣላት ማለት የቤቱ ልጅ ሆነች ማለት ነው። የሉባባ ሠርግ የጦርነት ሠርግ ሆነና፣ ከላይ ይታያል ተብሎ ዳስ አልተጣለም፣ ድቤም አልተመታም። አማቷ እትዬ ዘሀራ «ዳስ ሳይጣልማ ስም አይወጣም፤ ሰላም ሲሆን በወጉ ይደረጋል» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሰላሙ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። እስከዚያው ሉባባ «አንቺ ልጅ» ናት። በሙሽራ ወግ አማቷ ፊት ድምፅዋን ስለማታሰማ፣ የምትለውን በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ ለቤቱ አውጃለሁ። በዚህ ሹመቴ በጣም እኮራ ነበር። አንድ ቀን ማሽላው ውስጥ ተቀምጠን «እንዲሁ እንግዳ ሆኜ ልቅር ይሆን?» አለችኝ። ጥንቅሼን ሰብሬ ግማሹን ሰጠኋት።

አንድ ምሽት አያ ይመር ኡጋንዳን አነሱ። ወደ ኮንጎ ሲሄዱ አውሮፕላናቸው እዚያ አርፎ ነበር። አፈሩ ቀይ፣ ሙዙ ዱር የሆነ፣ ሐይቁ ማዶ የማይታይ፣ የአጥር እንጨት ተክለህ ብትረሳው የሚያቆጠቁጥ አገር።

«ድሮ፣ ከእኛ በፊት፣ አንድ የእንግሊዝ ሹም በዚያ አለፈ አሉ» ሲሉ ቀጠሉ። «ያን ልምላሜ ቢያይ አፉን ያዘ። ‹ይችማ የአፍሪካ ዕንቁ ናት› አለ፣ ስሟ ሆኖ ቀረ። ወላሂ፣ ድግስ በልቶ አይደለም፤ አይቶ ነው የሰየማት!»

እትዬ ዘሀራ ነገሩ ወደ ማን እንደተወረወረ አልጠፋቸውም። «አንቱ ደግሞ! ጉማሬው ዛሬ የት ሄደ?» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔ ግን ቅናት ቢጤ ይዞኝ «የእኛስ አገር ስሟ ማን ነው?» አልኩ።

«እሱን እኛ አናወጣውም» አሉኝ አያ ይመር። «ከተወለድን ጀምሮ የለመድነውን ምኑን እናየዋለን? የሚያይ እንግዳ ነው። እንግዳችን ያቻትና፣ እስቲ ጠይቂያት።»

ሉባባ ደነገጠች። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ በጆሮዬ አንሾካሾከች። እኔም ሹመቴን ረስቼ «ምን?» ብዬ ጮህኩባትና ሁሉም እንደገና ሳቀ። ደግማ ነገረችኝ።

«አረንጓዴ ጓዳ ናት አለች» ብዬ አወጅኩ። «በእኛ ደጋ ሜዳው ገላጣ ነው፣ አውሮፕላን ሲመጣ መግቢያ የለንም አለች። እዚህ ግን ማሽላው ይደብቀናል፣ ማንጎው ያጠላልናል፣ እየደበቀም ያበላናል። አገሩ ውብ ነው፤ ውበቱ ደግሞ ጓዳነቱ ነው አለች።»

አያ ይመር «ማሻአላህ» አሉ። የእትዬ ዘሀራ እሸት የያዘ እጃቸው ቆመ።

«ጓዳ አለች?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ጓዳ።»

«እንግዳ እኮ ጓዳ አይገባም» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዳ መደብ ላይ ነው የሚቀመጥ። ይችስ ገብታለች፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።»

ተነስተው ግንባሯን ሳሟት። «አገሬ ብዬሻለሁ። ዳሱን አላህ ሲለው እንጥለዋለን።»

እናቴ እልልታውን ጀምራ፣ ጦርነቱ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ከደነች። «እልል በይ እንጂ!» አሉ እትዬ ዘሀራ። «አውሮፕላን ጆሮ የለው!» ከዚያ ወደ ሙሽራዋ ዞረው «አገሬ!» ብለው ጠሩ።

«አቤት!» አለች፣ በራሷ ድምፅ፣ ጮክ ብላ። አሊ ፈገግታውን የሚደብቅበት አጥቶ ፍሙን ይቆሰቁስ ጀመር። እኔም ከሹመቴ ተሻርኩ።

በኋላ ትምህርት ቤት ስንመለስ ኡጋንዳ በእርግጥ የአፍሪካ ዕንቁ እንደምትባል ሰማሁ። አያ ይመር ያን ምሽት አላጋነኑም ነበር። ሰው ስለ አገር ፍቅር ሲያወራ ስሰማ ግን ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሐይቁም ሙዙም አይደለም፤ በፍሙ ብርሃን ቀና ብላ «አቤት!» ያለችው ሙሽራ ናት።