የእትዬ ጤናዬ የትከሻ ትራስ

እትዬ ጤናዬ ሸማ ተራ ባለው ሱቃቸው ጋቢ ሲሰፉ የሚተርፈውን ቁራጭ መጣል አይሆንላቸውም። አንድ ቀን የተሸካሚዎች ትከሻ በኩንታል ተላልጦ አዩና ቁራጩን በጥጥ ሞልተው፣ ዙሪያውን ዘምዝመው ሃያ የትከሻ ትራስ ሰፉ። ጥጡን የገዙት ለፋሲካ ቀሚስ ባስቀመጡት ገንዘብ ስለነበር፣ ትራሱ ካልተሸጠ ቀሚሱ ቀረ ማለት ነው።

እህል በረንዳ ይዘውት ሲሄዱ፣ ቦጋለ የሚባለው ጉልበተኛ ተሸካሚ ከት ብሎ ሳቀ።

"ኧረ እትዬ፣ ይሄ ለሙሽራ ነው! የወንድ ትከሻ ትራስ ያምረዋል?"

ጓደኞቹም በሳቅ አጀቡት። እትዬ ጤናዬ ሃያውንም ይዘው ተመለሱ።

በማግስቱ ቦጋለ ግራ ቀኙን እያየ ሱቃቸው ገባ።

"አንድ ይስጡኝ። ለእናቴ ነው።"

"ትከሻቸው እንዳንተ ሰፊ ነው?"

"ቁርጥ እኔን!"

ትራሱን ጃኬቱ ስር ሸጉጦ ወጣ። ከሰዓት ሌላ ተሸካሚ መጣ፤ እሱም ለእናቱ። በሳምንቱ ሃያውም አለቀ፣ የቀሚሱም ገንዘብ ተመለሰ።

እትዬ ጤናዬ እህል በረንዳ ብቅ ሲሉ የተሸካሚው ሁሉ ጃኬት በቀኝ ትከሻው በኩል አብጧል።

"እናቶቻችሁ እንዴት ሰነበቱ?" አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው እትዬ!" አለ ቦጋለ ኩንታሉን እያነሳ። "የግራም ይሰፋልን ብለዋል።"