ጁምዓን የጠበቀ መርዶ

«ገለልተኛ» የሚለውን ቃል ዛሬ ስሰማው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር። ኢትዮጵያና ኤርትራ መዋጋት ከጀመሩ ሁለተኛው ዓመት ነበር። እኔ ከኢትዮጵያ የተሰደድኩ የታሪክ መምህር፣ ካርቱም ቡሪ ሰፈር ውስጥ ማተሚያ ቤት ወረቀት እየቆረጥኩ እኖራለሁ፤ አርብ አርብ ደግሞ ጀሪፍ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶችን አስተምራለሁ። አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ናቸው። አንዷ ግን አሰብ ተወልዳ ያደገች ኤርትራዊት ነበረች፤ በአማርኛ ጽሑፍ ሁሉንም የምታስከነዳ።

ትምህርታችን አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ደርሷል። አሜሪካ መጀመሪያ «አያገባኝም» ብላ፣ ኋላ ለአንዱ ወገን እህልና ጥይት ስትሸጥ፣ ሌላው መርከብ ሲያሰጥምባትና ሰዎቿን ሲገድልባት፣ እንዴት ተንሸራታ ጦርነቱ ውስጥ እንደገባች አስረዳለሁ።

«መምህር፣ ይሄማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የራሳችን ጦርነት መች አነሰን?» አለችኝ አንዷ የወሎ ልጅ። ክፍሉ ሳቀ፤ የአሰቧ ልጅም ሳቀች። የባድመ ነገር ክፍል ውስጥ እንዳይነሳ ከልክዬ ስለነበር ቶሎ ወደ አሜሪካ መለስኳቸው። በዚህ ክልከላዬ እኮራ ነበር፣ ሞኙ።

እሑድ ወሬው መጣ። የአሰቧ ልጅ ወንድም ግንባር ላይ ሞቷል።

ካርቱም ባለው እድራችን አንድ ደንብ ነበር። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት መርዶ የሚነገራት በእረፍት ቀኗ፣ በጁምዓ ማለዳ ብቻ ነው። በሌላው ቀን አሠሪዋ መዳም ቤት ማን ያስለቅሳታል? እንባዋን ውጣ ሰሃን ታጥባለች እንጂ። ስለዚህ የእድሩ ሰዎች ወሬውን አፍነው ይቆዩና፣ ሐሙስ ማታ ጀሪፍ ጓደኞቿ ጋ ስታድር፣ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለው ሄደው ያረዷታል።

እድሩ ከጦርነቱ በፊት የተቋቋመ የሁለቱም አገር ሰዎች እድር ነው። በዚያ ሳምንት ግን ለሁለት ተከፈለ። የእኛዎቹ «ልጆቻችን ላይ ሲተኩስ ለሞተ ሰው ድንኳን አንጥልም» አሉ። ኤርትራዊዎቹ «ከእናንተ ጋር ሆነን መርዶ አንናገርም» አሉ። ሰኞ ዕለት የእድሩ ዳኛ፣ ሸምገል ያሉ የጎንደር ሰው፣ ማተሚያ ቤት ድረስ መጡ።

«መምህር፣ አንተን ሁለቱም ያከብሩሃል። ቅደምና እንሂድ በላቸው፤ ወላሂ ይከተሉሃል።»

«እኔ ገለልተኛ ነኝ፣ ጋሼ። ከየትኛውም ወገን ጋር አልሄድም።»

«ለቅሶ ምን ወገን አለው?»

«መጀመሪያ እነሱ ይስማሙ፤ ከዚያ እመጣለሁ።»

«‹አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ› አለች አህያ» ብለው ወጡ። እኔ ደግሞ ተቆጣሁ! ሰው ሁሉ ተሳስቶ እኔ ብቻ ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ የአሰቧ ልጅ ራሷ ማተሚያ ቤት መጣች። መዳሟ ገበያ ልካት፣ በዚያው ለወንድሟ የጻፈችውን ደብዳቤ ይዛ ነው። በጅዳ በኩል የሚያደርስላት መንገደኛ አግኝታለች።

«ፊደል ሳልስት አልቀርም፤ እየው እስቲ መምህር። ይስቅብኛል።»

ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። ሁለት ቦታ አረምኩላት። እስከ ጁምዓ አቆዪው፣ ትንሽ ይደር ማለት እችል ነበር። አላልኩም። «ኢንሻላህ ይደርሳል» አልኳት። ያችን «ኢንሻላህ» ከአፌ ምን እንዳወጣት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባስታወስኳት ቁጥር በራሴ እበግናለሁ።

አርብ ማለዳ ማንም አልሄደም። አንዱ ወገን ሌላውን ሲጠብቅ፣ ሁለቱም እኔን ሲጠብቁ ረፈደ። ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ ክፍል ገባች። ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቃል፤ ቀና የሚል የለም። እኔም ጠመኔ አንስቼ ስለ መርከቦቹ ቀጠልኩ። ያች የወሎ ልጅ አልቻለችም፤ ሻርፗን አፏ ላይ ጭና ትንሰቀሰቅ ጀመር፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የአሰቧ ልጅ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ወንድሜ ነው?» አለች።

እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው መለስኩ። ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው።

ጩኸቷን ሲሰሙ ሁለቱም ወገኖች እየተሯሯጡ መጡ። አንጥልም ያሉት ራሳቸው ካስማ ተከሉ። አብረን አንናገርም ያሉት አጠገባቸው ቆመው ገመድ ወጠሩ። እሷም አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ሲሳደቡ የሰነበቱትን ሁሉ አንድ በአንድ አቀፈቻቸው። ተራዬ ሲደርስ አጠገቧ ቁጭ አልኩና «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። አላቀፈችኝም።

«ረቡዕ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እነሱስ ተጠላልተው ነው ያልነገሩኝ» አለች ድንኳኑን በአገጯ እያሳየችኝ። «አንተ ግን ደብዳቤዬን አርመህ ነው የሸኘኸኝ።»

ከዚያ ፊቷን ከኋላዬ ወደቆመው ለቀስተኛ አዞረች።