ሦስት ሊትር ዘይት

ሥራዬ ሰው ቤት እየገባሁ በሳምንቱ ምን እንደገዛ መጠየቅ ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሸሚዝ፣ ቬንትሌተር። መልሱን ታብሌት ላይ እሞላለሁ፤ አለቆቼ የብዙ ቤት መልስ ደምረው የአካባቢው ኑሮ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ይናገራሉ። ቤተሰብ ዕቃ ከገዛ ከተማው ደህና ነው፣ ካልገዛ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። ሐሳቡን አምንበታለሁ። የማላምነው መልሱን ነው። የድሬዳዋ ሰዎች ከቀረጥ ሰብሳቢ ጋር ስለሚያምታቱኝ፣ ኮንትሮባንድ ከሚሸጥበት ታይዋን ገበያ የተገዛውን ቴሌቪዥን ሁሉ "ስጦታ ነው" ይሉኛል። በእኔ ታብሌት መሠረት ይህ ከተማ የሚኖረው በዘመድ ቸርነት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከዚራ ሰፈር ጫፍ፣ ድሮ የባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረ ግቢ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዲት ወጣት ሚስትና የባሏ እናት። ባልየው ለሥራ ጅቡቲ ከሄደ ሰንብቷል። አሮጊቷን ሥልጠና ላይ እንደተነገረን "እርስዎ" ብዬ ስጀምር፣

"አቦ ተይን! አንቺ በይኝ፣ ምን አረግኩሽ?" አለችኝ።

ስለዚህ ስለ እሷ ሳወራም "እሳቸው" አልልም።

የምትመልሰው ምራቷ ነበረች። "ዘይት?" "ሦስት ሊትር።" "ስኳር?" "ሁለት ኪሎ።" "ሥራስ?" "እዚያው ልብስ ፋብሪካ።" ስትመልስ የምታየው እኔን ሳይሆን አማቷን ነው። ከጀርባዋ መደርደሪያው ላይ የዘይቱ ጀሪካን ታጥቦ አፉ ወደ ታች ተደፍቷል። አየሁት። ደንቡ ግን የተባለውን ጻፊ ስለሚል ጻፍኩ።

ስወጣ አማትየዋ "በር ድረስ ልሸኛት" ብላ ተከተለችኝ። ባጃጅ ስጠብቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ስሚ፣ ዘይቱን አጥፊው። ቤታችን ዘይትም ስኳርም ከገባ ቆየ። ፋብሪካው ካሰናበታት ሁለት ወሯ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወጣለች፤ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስትውል ጎረቤት አይቷታል። እኔ እንዳልደነግጥ ብላ ነው። ደም ግፊት አለብኝ።"

"ታዲያ እንደምታውቂ ለምን አትነግሪያትም?"

"ከዚያ በኋላ በምን ዐይኗ ታየኛለች? አንቺ ብቻ እውነቱን ጻፊ፣ እርዳታ ቢመጣ እንዳያልፋት። ከእኔ እንደሰማሽ ግን እንዳታውቅ፣ አደራ።"

የእኛ ጥያቄ እርዳታ እንደማያመጣ ነገርኳት። "ቢሆንም አጥፊው" አለች። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ አጠፋሁት። ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ሥራውን። ደንብ መጣሴን አውቄዋለሁ፤ ደስ ግን ብሎኛል።

ሳምንት ሳይሞላ ተቆጣጣሪያችን እንደ ልማዱ ጥቂት ቤቶች ላይ ደውሎ መልሳቸውን አመሳከረ። ከደወለባቸው አንዱ ያ ቤት ነበር።

"ሴትዮዋ ሦስት ሊትር ብላ ጮክ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ዘይቱን የት ደፋሽው?" አለና ቢሮ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ።

ምራቷ ድምጿን ለምን ከፍ እንዳደረገች ገባኝ፤ አማቷ አጠገቧ ነበረች። እውነቱን ብነግረው መልሶ ይደውላል፣ ሲደውል ደግሞ "አማትሽ እኮ የለም ብላለች" ማለቱ አይቀርም። አሮጊቷ የደበቀችው በእኔ አፍ ሊወጣ ነው። ተሳስቼ ነው አልኩና ዘይቱንም ስኳሩንም ሥራውንም መለስኩ።

ከወራት በኋላ ስብሰባ ላይ የከተማችን ቤተሰብ ዕቃ መግዛቱን እንዳልቀነሰ ተነገረ። ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። እዚያ ድምር ውስጥ ያልተገዛ ሦስት ሊትር ዘይት አለ። እንዳልተገዛ የምናውቀው ሦስት ሴቶች ነን። ዛፍ ሥር የምትውለዋ ግን ብቻዋን የምታውቅ ይመስላታል።