ድቤውን ያልቻለው ትራንስፎርመር

መርሳ በሚገኘው የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት፣ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ታደሰ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሰጥተውኝ የሽቦውን ዙር እየቆጠርኩ እንድፈታ አዘዙኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አየኝና «ሌላዋ ጥጥ ትፈትላለች፤ ይቺ መዳብ» ብሎ ሳቀ። ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ መቁጠሬን ቀጠልኩ።

ትራንስፎርመር በብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ሙያው ዙሩን ከብረቱ ጋር ማመጣጠን ነው። ጋሽ ታደሰ ዓይናቸው ሲደክም ጥቅለላው ለእኔ ቀረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሸህ ሙሄ ከሐብሩ ገጠር መጡ። መስጊዳቸው ኮረብታ ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ ያለው መንደር የሞት ጥሪ አይሰማም። የማዶ ሰዎች ለዘመዳቸው ቀብር የደረሱት አፈር ከተመለሰ በኋላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንደሮች ተኮራርፈዋል። እነ ሸህ ሙሄ ማዶ የድምፅ ማጉያ ጡሩንባ ሰቅለው ከመስጊዱ ሽቦ ቢዘረጉም ድምፁ ሳይደርስ ይደክማል። ድምፁን ሳይደክም የሚያሻግረው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ትራንስፎርመር ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ነው።

ከተጣሉ ቴፖች ሁለት ትራንስፎርመር አውጥቼ እንደ አዲስ ጠቀለልኳቸው። አንዱ ድምፁ መንገድ ላይ እንዳይደክም አምፕሊፋየሩ ዘንድ ቮልቴጁን ያነሳል፤ ሌላው ረጅሙ ሽቦ ሲያልቅ ጡሩንባው ሥር መልሶ ያወርደዋል። ብረታቸው ትንሽ ቢሆንም ለሰው ድምፅ ይበቃል። አዛኑ ማዶ ጥርት ብሎ ተሰማ።

መውሊድ ደረሰ። መንዙማው ተጀምሮ ትልቁ ከበሮ፣ ድቤው፣ ሲመታ የማዶው ጡሩንባ ያንኮራፋ ጀመር። ወፍራም ድምፅ ትልቅ ብረት ይፈልጋል፤ የእኔ ብረት አልቻለውም። ሸህ ሙሄ ሱቅ ድረስ መጡ።

«እትዬ ዘሐራ፣ የማዶዎቹ እየቀለዱብን ነው። መንዙማ ነው ወይስ ግመል የላካችሁልን ይላሉ።»

«ድቤውን ከማይኩ ቢያርቁትስ፣ ሸሁ?»

«የድቤው ቦታ ከመሪው ጎን ነው። ወላሂ፣ ከዚያ አላነሳውም።»

 ትልቅ ብረት ብገዛ ዋጋው ከአዲስ አበባው ሊስተካከል ነው። ስለዚህ ከሽቦው መነሻ ላይ ካፓሲተር አስገባሁ፤ የሰውን ድምፅ ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ያስቀራል። መንዙማው በድጋሚ ሲባል ከሸህ ሙሄ ጋር ማዶ ቆመን አደመጥን። ድቤው እንደ ጭብጨባ ቀጥኗል። ቃሉ ግን አንድም አልጠፋም።

«ድቤያችን ከሳ» አሉ።

«ከሳ፣ ሸሁ።»

«ይክሳ። ቃሉ ደርሷል።»

ክረምት ላይ ሸህ ሙሄ ደወሉልኝ። በመስጊዱ የሞት ጥሪ ሲነገር የማዶዎቹ ዶማና አካፋ ይዘው ከሁሉ ቀድመው ደርሰዋል። መቃብሩንም የቆፈሩት እነሱ ናቸው።

ርካሽ ትራንስፎርመር የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚወስነው ምን እንደሚተው ነው። የሚተወውም ሰሚዎቹ ሳይጎዱ ሊያጡት የሚችሉትን ብቻ ነው።